በሽር እና የግንቡ ውሃ ልክ

መካነ ሰላም ውስጥ በበጋ ቀትር የብረት በሩ አልዘጋ ብሎት በእግሩ የሚደበድብ ሰው ካያችሁ፣ በሩን የሠራለት በሽር እንዳልሆነ እወቁ። ይህን የምለው ሰውየውን ለማሞገስ አይደለም፤ ያ ሁሉ ከሆነ በኋላ ሙገሳ ምን ይሠራለታል? እውነት ስለሆነ ነው። ሌላው በያጅ አንግል ብረቱን ፀሐይ ላይ ዘርግቶ፣ እጅ እስኪያቃጥል የጋለውን ይለካል፣ ይቆርጣል፣ ይበይዳል፤ ደንበኛው እየተራገመ ሲመለስ ደግሞ «ቤትህ ነው የተጣመመው» ይለዋል። በሽር ግን ብረቱን ጥላ ውስጥ ያሳድርና ጧት ይለካዋል። «ብረት እንደ ሰው ነው፤ ሲሞቀው ይንጠራራል፣ ሲበርደው ይኮራመታል» ይላል። «ተንጠራርቶ ሳለ የለካኸው እንደሆነ ልብሱ አይሆነውም።»

ይህን ከማንም አልተማረም። አባቱ ወደ ወግዲ መውጫ ባለች መንደር ቁርአን የሚያቀሩ ሸህ ነበሩ፤ በሽርም ያባቱን ቦታ ይወርሳል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። አልሆነለትም። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱንም ቂርአቱንም ጥሎ ብየዳ ቤት ገባ። አባቱ አልተቆጡትም፣ አልረገሙትም። አንድ ነገር ብቻ አጥንቱ ውስጥ ተክለውበት ነበር፤ የተጻፈን ነገር ማክበር። በሽር ጽሑፍ ያለበት ብጣቂ ወረቀት መሬት ወድቆ ካየ ጎንበስ ብሎ ያነሳል፣ አቧራውን አራግፎ የግንብ ስንጥቅ ውስጥ ይሸጉጠዋል። ልማዱ ደግ ነው። ደግ ልማድም ሰው እንደሚገድል ያየሁት በእሱ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከከተማዋ ታችኛው ጫፍ ነው። መንገዱ ሲሰፋ ተራራው ተቆረጠ፤ የተቆረጠውን እንዲደግፍ ቁመቱ ሦስት ሰው የሚያህል የድንጋይ ግንብ ተሠራ። ከግንቡ ሥር አሥራ አንድ ቤት አለ። በሁለተኛው ክረምት ግንቡ እንደ ነፍሰ ጡር ሆዱን ወደ ፊት ገፋ አደረገ። ሰፈሩ አቤት አለ፤ አቤቱታው ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲንከራተት ከርሞ በመጨረሻ አንድ ፕሮጀክት መጣ። ፕሮጀክቱ ግንቡን አላፈረሰም፣ ሰውንም አላዛወረም። ምስክር የሚባል ከደሴ የተላከ ወጣት መሐንዲስና አንዲት ግራጫ ሳጥን ይዞ መጣ።

ሳጥኗ ሥራዋ ግንቡ ምን ያህል እንዳዘነበለ መናገር ነው፤ ያውም ዓይን በማያየው ልክ። «የሁለት ፎቅ ቁመት ያለው እንጨት ብታቆሙ፣ ጫፉ የፀጉር ውፍረት ያህል ቢዘም ታውቃለች» አለ ምስክር። ፊቷ ላይ ቁጥር ይበራል። ቁጥሩ ከሃያ ካለፈ ከግንቡ ሥር ያለ ሰው በሙሉ ይወጣል፤ ሕጉ ይኸው ነው። የሰፈሩ ሰው ግንበኛ ከሚይዛት ከዚያች አረንጓዴ ጠብታ ካለባት መለኪያ ጋር አመሳስሎ «ውሃ ልኩ» አላት። በሽር ሳጥኗን እንዲተክል፣ ከዚያም በየቀኑ ቁጥሯን እያነበበ እንዲልክ ተቀጠረ።

ምስክር ሳጥኗ የምትቀመጥበትን የአሉሚኒየም ክንድ ከደሴ ይዞ ነበር የመጣው፤ ክርን የሚያህል፣ የሚያብረቀርቅ። በአራት ቡሎን ግንቡ አናት ላይ፣ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ከማይለየው ፊት እንዲታሰር አዘዘ። በሽር ክንዱን በእጁ መዘነው።

«ኢንጂነር፣ ይህን ክንድ ፀሐይ ትጫወትበታለች።»

«ስታንዳርዱ ነው፣ ጋሽ በሽር» አለና ምስክር ሥዕል ያለበት ወረቀት አሳየው። በሽር ወረቀቱን አየ። ቡሎኑን አሰረ።

በሳምንቱ ቀትር ላይ ቁጥሩ 26 ሆነ። በሽር ለማስጠንቀቂያ የተሰጠውን ፊሽካ ነፋ፤ አሥራ አንድ ቤት ወጣ። ከሁሉም የከበደው እማማ በዛችን ማውጣት ነበር። እማማ በዛች እግራቸው ከከዳቸው አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ከልጃቸው ከአሰጋሽ ጋር ከግንቡ ሥር ባለችው የመጀመሪያዋ ቤት ይኖራሉ። ጠርዙን ይዘው ቀና የሚሉበትን የብረት አልጋ የሠራላቸው በሽር ነው። አራት ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ ቀበሌው አዳራሽ አሳደራቸው፤ ሌሊቱን ሲያስሉ አደሩ። ቁጥሩ ግን ገና ሳይመሽ ወደ 2 ተመልሶ ነበር። በማግስቱ ቀትር ደግሞ 24፣ ማታ 3። «በሽር፣ ግንቡ ምሳ ሊበላ ወጥቶ ማታ ይገባል እንዴ?» አለ ሥጋ ሻጩ አዩብ፤ ከተማው ሳቀ።

በሦስተኛው ቀን በሽር መሰላል ላይ ተቀምጦ ሳጥኗን ሲጠብቅ ዋለ። ደመና ፀሐዩን ሲሸፍን ቁጥሩ ይወርዳል፤ ደመናው ሲያልፍ ይወጣል። ግንብ በደመና አይመለስም። የሚሄድ የሚመጣው ግንቡ ሳይሆን ክንዱ ነበር። በሽር ልክ መሆኑን በማወቁ አልተደሰተም፤ ወረቀት አይቶ አፉን በመዝጋቱ ራሱን ሰደበ። መስደቡ ትምህርት ቢሆነው ኖሮ ይህን ታሪክ አልነግራችሁም ነበር።

ይቅርታ ሊጠይቅ ወደ እማማ በዛች ገባ።

«እንዴት አደሩ እማማ? አፉ በሉኝ፤ ፀሐዩ ነው ያሳሳተን።»

«አፉ ብዬሃለሁ። ግን ስማኝ» አሉ አሮጊቷ። «ከእንግዲህ በቃሬዛ የምወጣው ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ለፍትሐት። ወይ ደግሞ አንተ ራስህ እዚህ ደጃፍ ቆመህ ‹ይውጡ› ያልከኝ እንደሆነ። የማንንም ፊሽካ አልሰማም።»

«አብሽሩ እማማ። እኔ ራሴ እመጣለሁ።»

አብሽሩ ማለት በወሎ አፍ አይዞዎት ማለት ነው፤ ከመስጊድ የወጣ ቃል ቢሆንም እዚህ አገር የማርያም ማኅበርተኛውም ይለዋል። እማማ በዛች ሳቁ። «በሽር አብሽሩ ካለኝ ምን እፈራለሁ» አሉ።

ከዚያ በኋላ የሠራው ሥራ የሕይወቱ ምርጥ ሥራ ነው፤ ይህን ጠላቱም አይክደውም። ምስክር በስልክ «ጋሽ በሽር፣ ያሉትን ያድርጉ» አለው፤ አፍሮ ነበር። በሽር የአሉሚኒየሙን ክንድ ነቅሎ ጣለ። ጥዶቹ ጥላ የሚጥሉበትን የግንቡን ጥግ መረጠ፤ ልስኑን ትቶ ትልቁን ድንጋይ ራሱን ሰረሰረ። ክንድ የሚባል ነገር አላበጀም፤ ሳጥኗ ድንጋዩ ላይ ተለጥፋ እንድትቀመጥ አጭር፣ ወፍራም ብረት ቆረጠ። አራት እግር ሳይሆን ሦስት እግር ሰጣት፤ ባለ ሦስት እግር ዱካ አይወላገድም። አንደኛውን እግር አጥብቆ አሰረው፤ የሁለቱን ቀዳዳ ግን ረዘም አድርጎ በሳው፤ ብረቱ በሙቀት ሲንጠራራ ሸርተት የሚልበት እንዲያገኝ፣ ሳይጣመም። በላይዋ ሁለት የቆርቆሮ ክዳን፣ አንዱን ከሌላው ራቅ አድርጎ፣ በመሀል ንፋስ እንዲያልፍ፤ የላዩን ነጭ ቀባው። ሚስቱ ነሲባ «ለእኔ እንዲህ ያለ ቤት ሠርተህልኝ አታውቅ» ብላ አሾፈችበት።

አልቸኮለም። ሲሚንቶውም ብረቱም ቦታ ቦታቸውን እስኪይዙ ስምንት ቀን አንድም ቁጥር ሳይጽፍ ቆየ። ግንቦት ሃያ ቀን ሳጥኗን ከዜሮ አስጀመራት። የንባቡን ሰዓትም የመረጠው እሱ ነው። «ቀትር ላይ የተለካ ልኬት አልልክም» አለው ምስክርን፤ «ሱብሒ ሰግጄ፣ ፀሐይ ሳትወጣ ነው የማነበው። ያኔ ድንጋዩም፣ ብረቱም፣ አየሩም እኩል ይቀዘቅዛሉ፤ አንዱ በሌላው ላይ አይዋሽም።» ምስክር ተስማማ። በሽር በየጧቱ ከሱብሒ በኋላ ወደ ግንቡ ይወርዳል፣ መዳፉን ድንጋዩ ላይ ያሳርፋል፣ ቁጥሯን ያነባል፣ ደብተሩ ላይ ይጽፋል፣ በስልኩ ይልካል፦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቁጥሩን። «12፡00 — 1»። «12፡00 — 2»። «12፡00 — 0»።

ቢሮው በሌላ በኩል የአየሩን ሙቀት በየሰዓቱ የሚመዘግብና በራሱ የሚልክ መሣሪያ ነበረው። ሳጥኗ እንደዚያ ተጠንቅቆ ቢተክላትም ብርድ በገባት ቁጥር ትንሽ ወደ ፊት ያዘነበለች መስላ ትታያለች፤ ያችን ትንሽ የቢሮው ኮምፒዩተር አስልቶ ይቀንሳትና የታረመውን ቁጥር መልሶ ለበሽር ይልካል። «የታረመ፦ 1። ደህና።» በሽር መልእክቱን ባነበበ ቁጥር ደስ ይለው ነበር። ስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ከኮምፒዩተር ጋር በየጧቱ ይነጋገራል፤ ለምን አይደሰት?

ክረምቱ ገባ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ጥሬው ቁጥር 9 ሆነ፤ የታረመው 2። የሐምሌ መጨረሻ 15፤ የታረመው 3። በሽር መዳፉን ድንጋዩ ላይ ያሳርፋል፤ ድንጋዩ እርጥብ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ግን ከግንቦቱ የባሰ አይደለም። ግንቦትም ጧት ጧት ጣቱን ይቆነድደው ነበር። ነሐሴ አምስት ቀን 22 ሲያይ ደወለ። መንገዱ በዚያ ክረምት አንድ ቀን ተከፍቶ ሁለት ቀን ስለሚዘጋ ምስክር ደሴ ከቀረ ሁለት ወር ሆኖታል፤ ስልኩም ይቆራረጣል።

«ኢንጂነር፣ ግንቡ እየመጣ ነው መሰለኝ።»

«የታረመውን አላዩም? 4 እኮ ነው።»

«እኔ ያየሁት 22 ነው።»

«እሱ ጥሬው ነው። ከግንቦት ወዲህ አየሩ በዘጠኝ ዲግሪ ቀዝቅዟል። ሳጥኗ በብርድ የምትሆነውን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ።»

«ዘጠኝ?» አለ በሽር። «ጧት ጧት እኮ ያው ብርድ ነው። ግንቦትም ያው ነበር። እጄ ያውቀዋል።»

«እጅ ቴርሞሜትር አይደለም፣ ጋሽ በሽር» አለ ምስክር፤ በክፋት አይደለም፣ እንደ ቀልድ ነው ያለው። እዚህ ላይ «ጧት?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ! አልጠየቀም። መስመሩ ተቆረጠ።

በሽር ቤቱ ገብቶ ለነሲባ ነገራት። ነሲባ ነገር አታወሳስብም፤ «አንተ እየመጣ ነው ካልክ ሂድና ንገራቸው» አለችው። «ወረቀቱ ደህና ነው ይላል» አላት። ስልክ ላይ ያለውንም ወረቀት ነበር የሚለው። እውነቱን ለመናገር የፈራው ሳቁን ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ ፊሽካ ነፍቶ የተሳቀበት ሰው ፊሽካውን ሲያይ እጁን ይሰበስባል። ሁለቱ ፍርሃቶች ተጋግዘው ምላሱን አሰሩት፤ የወረቀቱ ፍርሃት ስላለ ደግሞ የሳቁ ፍርሃት የተከበረ ሰበብ አገኘ።

ነሐሴ አሥራ አንድ ቀን ጧት 29 አነበበ። ላከ። «የታረመ፦ 5። ደህና።» አሰጋሽ ፍልሰታ ጿሚ ናት፤ ውዳሴ ማርያም ሰምታ ለቅዳሴ ልትቆይ ነጠላዋን እያጣፋች ደጃፍ ላይ አገኘችው። «አያ በሽር፣ እናቴ ትጠራሃለች» አለችው።

እማማ በዛች አልጋው ብረት ላይ ተደግፈው ተቀምጠው ነበር። ሌሊቱን ከግንቡ በኩል ጠጠር ሲንኮታኮት ሰምተዋል።

«በሽር፣ ልውጣ?» አሉ።

ጥያቄው ይኸው ነው፤ ሁለት ቃል። በሽር በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ባለፈው እቆማለሁ ባለበት ቦታ። ስልኩ እጁ ላይ ነው። መዳፉ ከድንጋዩ የወሰደው ብርድ ገና አልለቀቀውም።

«አብሽሩ እማማ» አለ። «ብርዱ ነው።»

ግንቡ የወረደው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። ቅዳሴ አልወጣም ነበር። ከአሥራ አንዱ ቤት ሦስቱን በላ፤ በሁለቱ ውስጥ ማንም አልነበረም። የመጀመሪያዋ ውስጥ እማማ በዛች ነበሩ። በሽር ድንጋይ ሲያነሳ ጥፍሮቹ ተነቀሉ፤ ሲመሽ አገኟቸው። አልጋው ብዙም አልተጣመመም ነበር።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ በሳምንቱ መንገድ ተገኘ፤ ምስክር ሁለት ሰዎች አስከትሎ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። በሽር ደብተሩን አመጣ። ፊት ለፊት ተቀመጡና ቁጥሮቹን አንድ ባንድ አስተያዩ። ቁጥሮቹ ልክ ናቸው። ቀኖቹም ልክ ናቸው። ከዚያ ምስክር ጣቱን ሰዓቱ ላይ አሳረፈ።

«ይቺ 12፡00... ቀትር ናት አይደል?»

በሽር ቀና ብሎ አየው። «ቀትር? ቀትር ላይ መች ለክቼ አውቃለሁ? የጧት አስራ ሁለት ሰዓት ነዋ! ሱብሒ ሰግጄ አላልኩህም?»

የምስክር ፊት አመድ መሰለ። በሽር የጻፈው አገሩ በሚቆጥረው ሰዓት ነው፤ ፀሐይ ልትወጣ ስትል አስራ ሁለት። ኮምፒዩተሩ ግን የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ለእሱ አስራ ሁለት ማለት ፀሐይ አናት ላይ ማለት ነው። እናም የጧቱን ልኬት በየቀኑ ከቀትሩ ሙቀት ጋር ሲያጋባው ከረመ። የግንቦት ቀትር የጋለ ነበር፤ የነሐሴ ቀትር ደመና ለብሶ አሥራ ሁለት ዲግሪ ቀዝቅዟል። ኮምፒዩተሩ ብርድ መጣ ብሎ በየአንዳንዱ ዲግሪ ሁለት ሁለት ቁጥር ቀነሰ። የጧቱ ብርድ ግን በሽር እንዳለው ያው ነበር። የተቀነሰው ብርድ አልነበረም፤ ግንቡ ራሱ ነበር።

«የአገሬ ሰው ሰዓት እንዴት እንደሚቆጥር ጠፍቶኝ ነው?» አለ ምስክር። «እኔም እናቴ ቤት እንደዚሁ ነው የምቆጥረው። ፕሮግራሙን ስሠራ ግን... አላሰብኩትም። ወላሂ አላሰብኩትም።» ክርስቲያኑ ልጅ ወላሂ ብሎ ማለ፤ ያለቀሰው የምሩን ነው።

ሪፖርቱ የወጣው በሌላ አፍ ነው። «የአካባቢው ታዛቢ የልኬት ሰዓቱን በተገቢው አኳኋን ባለመሙላቱ» ይላል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። በሽር ሪፖርቱን ሲያነቡለት አልተከራከረም፤ ነሲባ ናት ወረዳው ደጃፍ ድረስ ሄዳ የሰደበቻቸው። እኔም ብሆን እሳደብ ነበር። ግን በሽር ዝም ያለው ሪፖርቱን ስላመነ አልነበረም፤ ለአሰጋሽ ምን እንደሚላት እያሰበ ስለነበር ነው።

የእማማ በዛች አርባ ከወጣ በኋላ ደብተሩን ይዞ ሄደ። አሰጋሽ ላይኛው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይታ ነበር። ነጠላዋን ወደ ታች አዘቅዝቃ ለብሳለች። አስቀመጠችው፣ ውሃ ሰጠችው። በሽር ደብተሩን ገልጦ ሁሉንም ነገራት፤ የጧቱን አስራ ሁለት፣ የቀትሩን አስራ ሁለት፣ የግንቦቱን፣ የነሐሴውን። አንድም ሳያስቀር፣ በጣቱ እያሳየ። በር የሠራ ሰው ማጠፊያውን እንደሚያስረዳ አስረዳት። ሰማችው።

«ገባኝ» አለች በመጨረሻ። «ሰዓቱ ነው ያሳሳታቸው። አንተ ልክ ነበርክ።»

በሽር ትንፋሹን ለቀቀ። ስንት ቀን ይዞት እንደነበር እሱ ራሱ አያውቅም።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አያ በሽር። ያን ጧት እጅህን ድንጋዩ ላይ አሳርፈሃል አይደል? ሁልጊዜ እንደምታደርገው።»

«አሳርፌያለሁ።»

«አንተ ለራስህ ምን መሰለህ?»

መዋሸት ይችል ነበር። ደብተሩ ጭኑ ላይ ተገልጦ ነበር፤ ከሱ አንድ ቃል ቢያነብላት ይበቃው ነበር። አላነበበም።

«የሚመጣ መስሎኝ ነበር» አለ።

አሰጋሽ አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። የጠጣበትን ኩባያ አነሳች።

«እናቴ የጠየቀችው አንተን ነበር» አለችው።